ማንም ልጅ ከክፍል እንዳይጎድል፦ ለመካነ ኢየሱስና ለአካባቢዋ መምህራን የአካቶ ትምህርት መመሪያ

መስከረም ላይ የተመዘገበ ልጅ ሁሉ ሰኔ ላይ ካርድ አይወስድም። የክፍል ኃላፊ ሆኖ የሠራ መምህር ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ሰሌዳው የማይታየው ልጅ መጀመሪያ ከጓደኛው ደብተር ይገለብጣል፤ ቀጥሎ ወደ ኋላ ወንበር ይሸሻል፤ ከዚያ አንድ ሁለት ቀን መቅረት ይጀምራል። አንድ ጠዋት ስሙ ሲጠራ ከክፍሉ "አቋርጧል" የሚል መልስ ይመጣል። መስማት የተሳናት ልጅ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ በምርኩዝ የሚሄደው፣ በክልሉ ጸጥታ መደፍረስ ከትምህርት ርቆ የተመለሰው፣ ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማረው፣ ሁሉም የሚወጡት እንዲሁ ጥቂት በጥቂት ነው።

ይህ መመሪያ በደቡብ ጎንደር ዞን በመካነ ኢየሱስ፣ በእስቴ፣ በስማዳና በጋይንት ለሚያስተምሩ የክፍል ኃላፊ መምህራን የተዘጋጀ ነው። ርእሳነ መምህራንና ወላጆችም ድርሻቸውን ያገኙበታል። መነሻው አንድ እምነት ነው፦ ልጅን ትምህርት ቤት የሚያስገባው ምዝገባ ነው፤ ክፍል ውስጥ የሚያቆየው ግን ከጎኑ ያለ ሰው ነው። በጀትና መሣሪያ ያስፈልጋሉ፤ መጠየቅም አለባቸው። መምህሩ ከልጁ፣ ልጁ ከጓደኞቹ፣ ትምህርት ቤቱ ከወላጁ ጋር የሚኖራቸው ግንኙነት ግን በጀት ሳይጠብቅ ዛሬ ይጀመራል።

አስቀድመው ይወቁ፦ ሕጉም ልማዱም ከጎንዎ ናቸው

"ይህ ልጅ ወደ ልዩ ትምህርት ቤት ይሂድ" የሚል መልስ በአገራችን ሕግ መሠረት የለውም። የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው በወጣበት በ1986 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ተወካዮች በስፔኗ ሳላማንካ ተሰብስበው መደበኛ ትምህርት ቤቶች ሁሉንም ልጆች እንዲቀበሉ የሚጠይቀውን መግለጫ አውጥተዋል። አገራችን በ1998 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ አወጣች፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጸደቀች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 አካል ጉዳተኛ ልጅ በሚኖርበት አካባቢ ከእኩዮቹ ጋር የመማር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ርእሰ መምህሩ ወይም ወላጁ ሲያመነታ ይህን ይንገሩ።

ልማዱም ቢሆን ያግዝዎታል። የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያው ዙር አምባ የሚገኙት በዚህ አካባቢ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ትምህርቱ በአብዛኛው የቃል ነው። የቀደመው ተማሪ ኋላ የመጣውን በቅጸላ ያስጠናል፤ ከየኔታ ዘንድ የሚቀርበው ከጓደኛው ጋር ደጋግሞ ካለው በኋላ ነው። ዐይነ ስውራን ሊቃውንት በዚህ መንገድ ተምረው ወንበር ዘርግተው አስተምረዋል። በጆሮ መማርና በጓደኛ መማር ለአካባቢው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ወደ ዘመናዊው ክፍል ማስገባቱ ነው የቀረው።

1. ቤት የቀሩትን ከምዝገባ በፊት ይፈልጉ

አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ብዙ ጊዜ ለምዝገባ አይመጣም። አንዳንዱ ወላጅ ያፍራል፤ አንዳንዱ "መንገድ ላይ ይወድቅብኛል፣ ልጆች ይገፉብኛል" ብሎ ይሰጋል፤ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ልጅ እንደሚቀበል ጨርሶ ያልሰማም አለ።

ነሐሴ ላይ የሚከተሉትን ሰዎች ያነጋግሩ። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤት ለቤት ስለምትዞር ማን ቤት ምን ዓይነት ልጅ እንዳለ ታውቃለች። የነፍስ አባት የንስሐ ልጆቹን ቤተሰብ አንድ በአንድ ያውቃል፤ በሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ የመስጊዱን ኢማም ያነጋግሩ። የእድር ዳኛውም ከእነዚህ አያንስም።

አጠያየቁ ላይ ይጠንቀቁ። "በመንደሩ አካል ጉዳተኛ ልጅ አለ?" ሲባል ሰው ልጁን ይደብቃል። "ዕድሜው ለትምህርት ደርሶ ቤት የዋለ ልጅ አለ?" ሲባል ግን ይናገራል። ያገኙትን ልጅ ስም፣ ዕድሜና ጎጥ ይመዝግቡ፤ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤት ያለውን የእግር መንገድ፣ በመካከል ወንዝ መኖር አለመኖሩን፣ ከዚያ ጎጥ የሚመጣ ሌላ ተማሪ ማን እንደሆነም ይጨምሩ። የኋለኛው መረጃ በኋላ ብዙ ሥራ ይሠራልዎታል።

2. በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ዓይንና ጆሮ ይፈትሹ

ፍተሻው ለሁሉም ተማሪ ይሁን፤ የሚጠረጠሩትን ብቻ ነጥሎ መጥራት ልጁን ገና ከጅምሩ ያሸማቅቀዋል። አንድ በአንድ፣ ከሌሎች ዓይን ራቅ ባለ ቦታ ያድርጉት።

ለዓይን፦ በነጭ ካርቶን ላይ በጥቁር ቀለም ሦስት እግር ያለው፣ ማበጠሪያ የመሰለ ምልክት ይሥሉ። ቁመቱም ስፋቱም 1.8 ሴንቲሜትር ገደማ ይሁን፤ የእያንዳንዱ እግር ውፍረትና በእግሮቹ መካከል ያለው ክፍተት እኩል ይሁን። ልጁ 6 ሜትር ርቆ ይቁምና አንድ ዓይኑን ሳይጫን በመዳፉ ይሸፍን። ካርዱን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እያዞሩ አራት ጊዜ ያሳዩት፤ እግሮቹ የዞሩበትን አቅጣጫ በእጁ ያመልክት። ፊደል ማወቅ አያስፈልገውም። ከአራቱ ሁለቱን ከሳተ በዚያው ቀን ወደ ፊት ወንበር ያምጡት፤ ወላጁም ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስደው ይንገሩ። ከዚያ ወደ ሆስፒታል መላክ ካስፈለገ መንገዱን የሚያሳዩት የጤና ባለሙያዎቹ ናቸው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከፍተኛ የዓይን ሕክምና ማዕከል አለ።

የአማራ ክልል በትራኮማ እጅግ ከተጠቁ የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ደቡብ ጎንደርም በሽታው ከበረታባቸው ዞኖች ይመደባል። ዓይኑ የሚቀላ፣ የሚያለቅስ፣ ዝንብ የማይለየው ልጅ ካዩ ሳይዘገዩ ይላኩት። በትምህርት ቤቱ ግቢ ጠዋት ጠዋት ፊት መታጠብን ልማድ ማድረግ የመከላከያው አንድ ክፍል ነው።

ለጆሮ፦ ከልጁ ጀርባ አንድ ክንድ ያህል ርቀው ይቁሙ። አንድ ጆሮውን በጣቱ ይድፈን። ሦስት ቁጥሮችን በሹክሹክታ ይንገሩትና ይድገማቸው፤ ሌላውንም ጆሮ እንዲሁ ያድርጉ። ከጀርባ የሚቆሙት ከንፈርዎን አይቶ እንዳይመልስ ነው። መድገም ያቃተው ወይም ጆሮው መግል የሚያፈስ ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ብዙ የጆሮ ሕመም በጊዜ ከታከመ ይድናል።

ሲመዘግቡ የበሽታ ስም አይስጡ፤ ያዩትን ብቻ ይጻፉ። "ዕውር ነው" ወይም "ደካማ ነው" የሚል ጽሑፍ ለማንም አይጠቅምም። "ከሦስተኛው ረድፍ ሰሌዳ አያይም፤ በቃል ሲጠየቅ ይመልሳል" የሚለው ግን ነገ ምን እንደሚሠሩ ይነግርዎታል።

3. ወላጁን ቤቱ ሄደው ያነጋግሩ

ገበሬ በሥራ ቀን ሲጠራ ሐሳቡ እርሻው ላይ ነው። እንደ ሚካኤል፣ ማርያም ወይም መድኃኔዓለም ባለ እርሻ በማይታረስበት የበዓል ቀን ከቅዳሴ በኋላ መሄድ ይሻላል። ንግግሩንም ከችግሩ አይጀምሩ፤ ልጁ ከሚችለው ነገር ይነሡ። ለምሳሌ መስማት የተሳናት ልጅ አባት ዘንድ ሲሄዱ ውይይቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

"እንዴት ዋላችሁ?"

"ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግቡ ቲቸር፣ ቤት ለእንግዳ።"

"ጋሼ፣ ስለ ልጅዎ ልነግርዎ ነው የመጣሁት። ትናንት ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ሒሳብ ከክፍሉ ቀድማ የሠራችው እሷ ናት።"

"እሷማ ብልህ ናት። ግን ሳትሰማ ተምራ የት ትደርሳለች ብላችሁ ነው?"

እዚህ ላይ ስብከት አይጀምሩ። "ቤት ውስጥ እንዴት ነው የምትግባቡት?" ብለው ይጠይቁ። እናትየው ውኃ ስትጠይቃትና "ነይ" ስትላት በምን ምልክት እንደሆነ፣ ልጅቷ "ሆዴን አመመኝ" የምትለው እንዴት እንደሆነ ያሳዩዎታል። እነዚያን ምልክቶች ይማሩና በነጋታው ክፍል ውስጥ ይጠቀሙባቸው። ልጅቷ መምህሯ የእናቷን ምልክት ሲያውቅ ስታይ ትምህርት ቤቱ የእሷም እንደሆነ ይገባታል።

"የት ትደርሳለች?" ለሚለው ግን እውነተኛ መልስ አለ። የትነበርሽ ንጉሤ የተወለደችው ከበሽሎ ማዶ በሳይንት ገጠር ነው። ዓይኗ የጠፋው በአምስት ዓመቷ ነው። ሻሸመኔ በሚገኘው የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥራ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንታ ለአካል ጉዳተኞች መብት የምትሟገት የሕግ ባለሙያ ሆነች። በ2010 ዓ.ም. ዓለም አቀፉን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አግኝታለች። ይህን ለወላጆች ይንገሩ፤ የአገራቸው ልጅ ታሪክ ነው።

ቤተሰቡ ልጁን ጠበል እያመላለሰ ከሆነ አይቃወሙ። ጠበሉም ሕክምናውም ትምህርቱም ጎን ለጎን እንዲሄዱ ይስማሙ። የሌለዎትን ነገር ቃል አይግቡ። ከመውጣትዎ በፊት እርስዎ አንድ ነገር፣ ወላጁ አንድ ነገር ለማድረግ ይስማሙ፤ እሱ ለምሳሌ ልጁን ከብት ጥበቃ ላይ ባለመመደብ፣ እርስዎ ደግሞ ቤት ድረስ የሚሸኘው ጓደኛ በመፈለግ።

4. ክፍሉንና ግቢውን ያስተካክሉ

ስድሳ ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል የመቀመጫ ቦታ ትልቅ ጉዳይ ነው። የማየት ችግር ያለበት ልጅ ከፊት መሐል ይቀመጥ፤ የፀሐይ ነጸብራቅ ሰሌዳው ላይ የሚያርፍበትን ጎን ያስወግዱ። በአንድ ጆሮ ብቻ የሚሰማ ልጅ ደህናው ጆሮው ወደ መምህሩ እንዲዞር አድርገው ያስቀምጡት። እርስዎም መስኮትን ከጀርባዎ አድርገው አይቁሙ፤ ከንፈርዎን የሚያነብብ ልጅ ጥላዎን ብቻ ነው የሚያየው።

በምርኩዝ ወይም በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ልጅ የመግቢያው ደረጃ ግድግዳ ነው። የአገሪቱ የሕንፃ ሕግ የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ ያዝዛል። የተዳፋት መወጣጫ ልኩ ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲሜትር ከፍታ 12 ሴንቲሜትር ርዝመት ነው። 15 ሴንቲሜትር ከፍ ያለ ደፍ 1 ሜትር ከ80 ሴንቲሜትር መወጣጫ ይፈልጋል ማለት ነው። ድንጋዩና ጉልበቱ ከወላጆች፣ ሲሚንቶው ከትምህርት ቤቱ ቢሆን የአንድ ቀን ሥራ ነው። ካልተቻለ የልጁን ክፍል ምድር ላይ ወዳለው፣ ደፍ ወደሌለው ክፍል ያዛውሩ።

መጸዳጃ ቤቱን አይርሱ። መደገፊያ የሌለው፣ በሩ የማይዘጋ፣ መንገዱ ጭቃ የሆነ መጸዳጃ ልጆችን ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጡ ያውላል፤ ሴቶቹን ደግሞ በወር አበባ ቀናት ያስቀራል። ከግድግዳው ጋር በደንብ የታሰረ አንድ ጠንካራ እንጨት ለመደገፊያ ይበቃል።

5. የጓደኛ ወንፈል ያደራጁ

አንድ ደግ ልጅ ብቻውን ረዳት ከሆነ ይደክመዋል፤ ሲደክመውም ሁለቱም ይጎዳሉ። እርዳታውን በተራ የሚሠራ ወንፈል ያድርጉት። አራት ወይም አምስት ተማሪዎች ይምረጡና በየሳምንቱ ይፈራረቁ፤ አንዱ መንገድ አብሮ ይመጣል፣ አንዱ የሰሌዳውን ጽሑፍ ያነብባል፣ አንዱ በእረፍት ሰዓት አብሮ ይጫወታል። በምዝገባ ጊዜ የያዙት "ከዚያ ጎጥ የሚመጣው ተማሪ" እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ወንፈል መስጠትም መቀበልም ስለሆነ ታጋዡም ያግዝ። በቃል የመያዝ ችሎታው የጠነከረ ዐይነ ስውር ተማሪ ታሪክንና ዜግነትን ለጓደኞቹ ያስጠና። ሁልጊዜ ተረጂ የሆነ ልጅ ጓደኛ አይኖረውም፤ አዛኝ ብቻ ነው የሚኖረው።

ለረዳቶቹ እነዚህን ያስተምሯቸው፦

ከመርዳት በፊት "ላግዝህ?" ብሎ መጠየቅ።

ዐይነ ስውርን ልጅ እጁን ይዞ አለመጎተት። እሱ የመሪውን ክርን ይይዛል፤ መሪው ግማሽ እርምጃ ቀድሞ ይሄዳል፤ ደፍ ወይም ቦይ ሲደርስ ቆም ብሎ ይነግረዋል።

መስማት የተሳነውን ልጅ ከኋላ አለመንካት። ከፊት ሆኖ እጅ ማውለብለብ ወይም ትከሻውን በቀስታ መንካት።

ልጁ ራሱ መሥራት የሚችለውን አለመሥራት።

6. አስተማመርዎን እንደ ልጁ ያድርጉ

ማየት ለተሳነው ልጅ ሰሌዳ ላይ የሚጽፉትን ሁሉ ድምፅዎን ከፍ አድርገው እያነበቡ ይጻፉ። "ይህንን ከዚህ ጋር ደምሩ" አይበሉ፤ ቁጥሩን ይጥሩ። ይህ ከኋላ ለተቀመጡት ሁሉ ይጠቅማል። ብሬል የሚያውቅ መምህር ባይኖርም ልጁን ለብሬል ማዘጋጀት ይቻላል። የብሬል ፊደል በሁለት ዓምድ የተደረደሩ ስድስት ነጥቦች ናቸው። በትንሽ ጣውላ ላይ ስድስት ጉድጓድ ያስቆፍሩ፤ ልጁ ነጥብ ባለበት ጉድጓድ ባቄላ እያስገባ የፊደሉን ቅርጽ በጣቱ ይማራል። ለመደመርና ለመቀነስም ገበጣ አለ። ብሬል በመጻፊያ ሰሌዳና በመውጊያ (በስሌትና በስታይለስ) ሲጻፍ ወረቀቱ በሰሌዳው ሁለት ገጾች መካከል ይያዝና በሹሉ መውጊያ ከቀኝ ወደ ግራ ይበሳል፤ ሲገለበጥ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ወፍራም ወረቀት ከታጣ ያገለገለ የግድግዳ ካላንደር ይሠራል።

መስማት ለተሳነው ልጅ ፊትዎን ወደ ሰሌዳው አዙረው አይናገሩ፤ ይጻፉ፣ ይዙሩ፣ ከዚያ ይናገሩ። የዕለቱን ዋና ዋና ቃላት በሰሌዳው ጠርዝ ላይ አስቀድመው ያስፍሩ። የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ የራሱ የእጅ ፊደል አለው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል የእጅ ቅርጽ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ላሉት ሰባት ሆሄያት ደግሞ ሰባት እንቅስቃሴ አለው። ስለዚህ "ሀ ሁ" የሚያውቅ ተማሪ ሁሉ በቀላሉ ይለምደዋል። የሚኒ ሚዲያ ክበቡ ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ በየሳምንቱ አምስት ምልክት ለመላው ትምህርት ቤት ቢያስተምር ልጁ በዓመቱ መጨረሻ የሚያናግረው ሰው በየቦታው ያገኛል።

ቀስ ብሎ ለሚማር ልጅ ሥራውን ይቆራርሱለት። አሥር ጥያቄ ከመስጠት ሦስት ይስጡትና ሲጨርስ ሦስት ይጨምሩ። መመሪያውን በአጭር ዐረፍተ ነገር ይንገሩና በራሱ ቃል እንዲደግምልዎ ያድርጉ። በቃል መመለስ እየቻለ መጻፍ የሚያቅተው ልጅ ካለ በቃል ይፈትኑት። ፈተና የሚለካው ዕውቀቱን ነው።

7. የሚጥል በሽታ ሲነሣ

ይህን የትምህርት ቤቱ ሰው ሁሉ፣ ዘበኛው ሳይቀር፣ ማወቅ አለበት። ልጁ ሲወድቅ፦

አጠገቡ ያለውን ዴስክና ድንጋይ ያርቁ፤ ከጭንቅላቱ ሥር ሹራብ ወይም ጋቢ ያድርጉ።

አንገቱ ላይ የጠበቀ ልብስ ካለ ያላሉ። አይያዙት፣ አይታገሉት።

አፉ ውስጥ ማንኪያም ጨርቅም ጣትም አያስገቡ። ክብሪት ጭረው ጭሱን አያሽትቱት፤ አይጠቅምም፤ ሊጎዳውም ይችላል።

መንቀጥቀጡ ሲበርድ በጎኑ ያስተኙትና እስኪነቃ አብረውት ይቆዩ።

ሰዓት ይመልከቱ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ደግሞ ከጀመረው ወይም ወድቆ ከተጎዳ ፈጥነው ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

ከዚያ በኋላ ለክፍሉ በግልጽ ይናገሩ፦ በሽታው የአንጎል ሕመም ነው፤ በአረፋውም ሆነ በመንካት አይተላለፍም፤ መድኃኒት አለው። ልጁ መድኃኒቱን በየቀኑ ሳያቋርጥ እንዲወስድ ከወላጁ ጋር ይነጋገሩ። በወደቀ ማግስት ወንበሩ ላይ ከጎኑ ማንም ካልተቀመጠ፣ እርስዎ ራስዎ አጠገቡ ቁጭ ብለው ደብተሩን ይመልከቱ። ተማሪዎቹ ከንግግርዎ ይልቅ ይህን ያስታውሳሉ።

8. ስድብንና ቅጽል ስምን አይለፉ

"ዕውሩ"፣ "ደንቆሮዋ"፣ "ቆማጣው" የሚል ስም በአንድ ሳምንት ይለጠፍና ዓመቱን ሙሉ ይከተላል። በመጀመሪያው ቀን ያቁሙት። የክፍሉ ሕግ አጭር ይሁን፦ ሰው የሚጠራው በስሙ ነው። ሕጉ መምህራንንም ይመለከታል፤ ልጆች ቅጽል ስምን ከአዋቂ አፍ ነው የሚለቅሙት።

ተሳዳቢውን በአርጩሜ መምታት መፍትሔ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ተሳዳቢውን ብቻውን ጠርተው ለምን እንዳደረገው ይጠይቁት፤ ራሱም የሚደርስበት ነገር ሊኖር ይችላል። ከዚያ ከተሰደበው ልጅ ጋር የሚሠራው አንድ ሥራ ይስጡት፤ አትክልት ማጠጣት ወይም መጽሐፍ ማደል ይሁን።

ልጆች የሚዛመዱት በጨዋታ ነው። በስፖርት ክፍለ ጊዜ አካል ጉዳት ያለበትን ልጅ "ልብስ ጠባቂ" አያድርጉ። የጨርቅ ኳሱን ፌስታል ውስጥ አስገብተው ቢያስሩት ሲንከባለል ይንኮሻኮሻል፤ ዐይነ ስውሩ ልጅ ድምፁን ተከትሎ ይጫወታል። መስማት ለተሳነው ልጅ ዳኛው ሲያፏጭ እጁን ወይም መሐረቡን ያንሣ።

9. ከሩቅ የመጡትንና ዘግይተው የተመለሱትን ያስቡ

ወደ መካነ ኢየሱስ ከገጠር መጥተው የሚማሩ ልጆች ብዙዎቹ ተከራይተው ይኖራሉ። ቅዳሜና እሑድ ወደ ቤታቸው ሄደው ስንቅ ይዘው ይመለሳሉ። በሶው ወይም ድርቆሹ ሳምንቱን ሳይዘልቅ ሲያልቅ ሐሙስና ዓርብ ላይ ልጁ በረሃብ ያንቀላፋል። "ሰነፍ" ከማለትዎ በፊት ምን እንደበላ ለብቻው ይጠይቁት። ከአንድ ቀበሌ የመጡትን በአንድ አካባቢ እንዲከራዩና አብረው እንዲያጠኑ ያግዟቸው። ብቻቸውን የሚኖሩ ሴቶች ልጆች ችግር ሲገጥማቸው የሚነግሯት አንዲት መምህርት በስም ትታወቅ። ለትዳር ታጭታለች የሚል ወሬ የሰሙባት ልጅ ካለች ቀኑ ሳይደርስ ከወላጆቿና ከሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ጋር ይነጋገሩ፤ ዕድሜዋ ከ18 በታች ከሆነ ጋብቻው ወንጀል ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። የተመለሰ ልጅ ዕድሜው ከክፍሉ ይበልጣል፤ ፊደሉንም ረስቶ ይሆናል፤ ድንገተኛ ድምፅ ያስደነግጠዋል። ያየውን በክፍሉ ፊት እንዲተርክ አያስገድዱት። የት ላይ እንዳቆመ በአጭር የንባብና የሒሳብ ጥያቄ ይለዩና ከዚያ ያስጀምሩት። የየዕለቱ ፕሮግራም የማይለዋወጥ ይሁን፤ ነገ ምን እንደሚሆን ማወቅ ለተረበሸ ልጅ ዕረፍት ነው። እንቅልፍ የሚያጣ፣ የማይናገር፣ ራሱን የሚጎዳ ልጅ ካለ ወደ ጤና ባለሙያ ይላኩት።

10. በወረቀት ይያዙ፣ ድጋፍ ይጠይቁ፣ ያስረክቡ

ድጋፍ ለሚያስፈልገው ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ የግል የትምህርት ዕቅድ ያዘጋጁ። የሚችለውን፣ የሚከብደውን፣ በዚህ መንፈቅ ዓመት የሚደርስበትን ሁለት ግብ፣ ማን ምን እንደሚያግዝ ይጻፉበት። ወላጁ ይስማማበት።

ከዚያ ደጅ ይጥኑ። በዓመታዊው የትምህርት ስታቲስቲክስ ቅጽ ላይ አካል ጉዳት ያለባቸው ተማሪዎች በዓይነት የሚመዘገቡበት ቦታ አለ፤ ባዶ አይተዉት። ያልተመዘገበ ልጅ በጀት አይያዝለትም። በጉድኝት ማዕከላችሁ የአካቶ ትምህርት ድጋፍ መስጫ ማዕከል መኖሩን ሱፐርቫይዘሩን ይጠይቁ፤ ካለ መሣሪያና ተዘዋዋሪ መምህር ሊገኝ ይችላል፤ ከሌለ ጥያቄው በጽሑፍ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ይድረስ። የትምህርት ቤቱ ዓመታዊ ዕቅድ ሲወጣ በወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረትና በቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ (ቀትስቦ) ስብሰባ ላይ ከድጎማው ለልዩ ፍላጎት የሚውል ድርሻ እንዲያዝ ያስወስኑ። ክልል አቀፍ ወይም አገር አቀፍ ፈተና ለሚወስድ ልጅ አንባቢ፣ አስተርጓሚ ወይም ተጨማሪ ሰዓት የሚጠየቀው በፈተና ምዝገባ ወቅት ነው፤ በፈተናው ጠዋት ሲጠየቅ አይገኝም።

ሰኔ ላይ የዕቅዱን ገጽ ለሚቀጥለው ዓመት መምህር በእጁ ይስጡት። ልጁ ትምህርት ቤት የሚቀይር ከሆነ፣ በተለይ ከገጠር ወደ ከተማ የሚሄድ ከሆነ፣ ገጹን ከመሸኛው ጋር ይላኩት፤ ለአዲሱ ርእሰ መምህርም ይደውሉ። ልጆች በብዛት የሚጠፉት በዚህ መሸጋገሪያ ላይ ነው።

አሥሩንም በአንድ ዓመት መፈጸም ካልቻሉ በሦስቱ ይጀምሩ፦ ዓይንና ጆሮ ይፈትሹ፣ የጓደኛ ወንፈል ያደራጁ፣ አንድ ወላጅ ቤት ይሂዱ። ሦስቱም ከካርቶን፣ ከጊዜና ከቀና ልብ በስተቀር ወጪ የላቸውም። በክፍልዎ ካሉት ልጆች መካከል አንዱ በዚህ ሳምንት መቅረት ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ነገ ጠዋት ስም ሲጠሩ የጎደለውን ልብ ይበሉ፤ ማታውኑ ወደ ቤቱ መልእክት ይላኩ።